የመኪና ሽቦ እንዳይጠመዘዝና እንዳይወጠር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ክፍል አባላት ያቀረቡት ንግግር)



የዓመቱን ገቢና ወጪ ሒሳብ ክፍላችን በዝርዝር ስላቀረበላችሁ እኛ እሱን አንደግመውም። የተሰጠንን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ልናውለው ፈልገናል፤ እሱም የመኪና ሽቦ ነው። ርእሱ ለጉባኤ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ደጋግመው የተጠየቁን ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸው ያለው እዚያው ሽቦው ላይ ሆኖ አገኘነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከእናንተው ከአባላት ነው። «ሌላው ጋራዥ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ የሚሸኘውን መኪና እናንተ ለምን ግማሽ ቀን ትይዙታላችሁ? ደንበኛ እየሸሸ አይደለም ወይ?» ትላላችሁ። ሁለተኛው ከደጋፊዎቻችን የመጣ ነው። «የመኪናን ችግር በስክሪን የሚያነብ የኮምፒውተር መመርመሪያ ብንገዛላችሁ ሥራችሁ አይፈጥንም?» ብላችሁናል። ሁለቱም የቅን ልብ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሳናድበሰብስ እንመልሳለን።

የመኪና ሽቦ ስንል አንድ ሽቦ ማለታችን አይደለም። ከባትሪው፣ ከሞተሩ፣ ከመብራቱ፣ ከበሩ፣ ከዳሽቦርዱ የሚመጡት ሽቦዎች እንደ ጭራሮ እስር በአንድ ላይ ታስረው በመኪናው ሆድ ውስጥ ያልፋሉ። አንዳንዱ ጋራዥ «ዋየሪንግ» ይለዋል፤ እኛ የሽቦ እስር እንለዋለን። የአንድ ዘመናዊ መኪና ሽቦ ተፈቶ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሽቦ ዛሬም ድረስ በአብዛኛው የሚታሰረው በሰው እጅ ነው። ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ፣ ሜክሲኮና ዩክሬን ውስጥ ትልልቅ የሽቦ እስር ፋብሪካዎች አሉ፤ በሰሌዳ ዙሪያ ቆመው ሽቦውን የሚዘረጉት፣ የሚያስሩትና ፕላስተር የሚጠቀልሉትም በብዛት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሲነሳ እዚያ ያሉት ፋብሪካዎች በመስተጓጎላቸው ጀርመን ውስጥ ያሉ ትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ሞተሩም፣ ቆርቆሮውም፣ ጎማውም እያለ የጎደለው የነዚያ ሴቶች የእጅ ሥራ ነበር። «የሽቦ ሥራ የወንድ ነው» የሚለንን ደንበኛ ይህን እንነግረዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ሽቦ እንዴት ይሞታል?

የመኪና ሽቦ ልባሱ ሲላጥ ውስጡ አንድ መዳብ ሳይሆን ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ናቸው። ክር የተደረገበት ምክንያት እንዲታጠፍ ነው። ከእናንተ መካከል በእንዝርት የፈተላችሁ እናቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ፈትል በልኩ ሲከር ይጠነክራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ራሱ ላይ እየተቆላለፈ ይቋጠራል፣ ሲጎትቱትም እዚያው ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። መዳብም ባሕርይው እንዲሁ ነው። ቀጭን የብረት ሽቦ ያለ ፒንሳ ለመቁረጥ ስንፈልግ አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ እናጣጥፈዋለን፤ መጀመሪያ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ እየደረቀ ይመጣል፣ በመጨረሻ ቀጭ ይላል። የመኪና በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው የሽቦ እስር የሚደርስበት ይኸው ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ እጥፋቱ ረዘም ባለ ቁመት ላይ ይከፋፈላልና ብዙ ዘመን ይኖራል። አጥሮ ወይም ተወጥሮ የታሰረ ከሆነ ግን እጥፋቱ ሁሉ የጣት ውፍረት በምታህል ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ይበጠሳሉ።

ክፋቱ ልባሱ አለመቀደዱ ነው። ከላይ ሲታይ ሽቦው ደኅና ነው፤ ቀለሙም ያበራል። ውስጡ ግን ከሃያ ክር አምስት ወይም ሦስት ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የቀሩት ጥቂት ክሮች የሃያውን ሥራ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይግላሉ።

ምን ያህል እንደሚግሉ በቁጥር እንየው። የተጎዳው ቦታ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር ትንሽ ነገር ይመስላል። 55 ዋት የሚስብ የፊት መብራት በ12 ቮልት ወደ 4.6 አምፔር ያሳልፋል፤ በዚያች ቦታ ላይ የሚባክነው ወደ 2 ዋት ነው፤ መብራቱ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ባለመኪናውም አምፖል ይቀይራል። ነገር ግን ያው ጉዳት 20 አምፔር በሚስብ የአየር ማራገቢያ ሞተር ሽቦ ላይ ቢሆን በዚያች የስንዴ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ 40 ዋት ይቃጠላል። 40 ዋት ማለት ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት የመበየጃ ብረት ማለት ነው። እሱን አግሎ በመኪናው ምንጣፍ ሥር አስቀምጦ እንደ መሄድ ቁጠሩት።

«ታዲያ ፊውዙ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። ፊውዝ የሚቆርጠው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። የተበጣጠሰ ሽቦ ግን ኤሌክትሪኩን አይጨምረውም፤ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሽቦው ልባሱን እያቀለጠ ሳለ ፊውዙ ምንም አያውቅም። የቀለጠው ልባስ ከብረት ወይም ከጎረቤት ሽቦ ጋር ሲነካካ ነው ፊውዙ የሚነቃው፤ እሱም በፊውዝ ፋንታ የብረት ሽቦ ያልተደረገ እንደሆነ ነው። በየመንገዱ ፊውዝ አውጥቶ በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ የሚተካ ሾፌር አለ፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እናወራለን።

ሽቦ የሚጎዳባቸው ቦታዎች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው፤ የመኪናው አንዱ ክፍል ከሌላው ክፍል ተለይቶ የሚንቀሳቀስበት ሁሉ ነው። በር አንድ ነው። የዶልፊን ሚኒባስ የኋላ በር ወደ ላይ ሲከፈት ከጣሪያው ወደ በሩ የሚያልፈው እስር ሌላ ነው፤ ታክሲ በቀን ስንት ጊዜ ዕቃ እንደሚጭንና እንደሚያወርድ እናንተው ገምቱት። ባጃጅ ላይ ደግሞ መሪው በዞረ ቁጥር የመብራቱ፣ የፍሬቻውና የክላክሱ ሽቦ አንገቱ ላይ አብሮ ይዞራል። ሞተር ራሱ በጎሚኒ ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ ከሞተር ወደ አካሉ የሚሻገረው እስር ሁልጊዜ ይወዛወዛል። የጭነት መኪኖች ላይ ጋቢናው ወደ ፊት ሲደፋ ከሻንሲው ወደ ጋቢናው የሚሄደው ትልቁ እስር ይጎተታል። በመጨረሻው ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ በዚህ ዓመት ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ያስተማረን እሱ ስለሆነ።

ባለፈው ክረምት አንድ የጭነት መኪና ወደ እኛ መጣ። ባለቤቷ ከባላቸው የቀረችላቸውን ይህችን አንዲት መኪና ይዘው ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። መኪናዋ ጥሩ መንገድ ላይ ምንም አትልም፤ ኮረኮንች ላይ ስትደርስ ግን ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ባትሪ ተቀይሮላታል፣ ዲናሞ ተቀይሮላታል፣ ሞተሪኖ ተፈትቶ ታድሷል። እናታችን ለዚህ ሁሉ ከዕቁብ ያወጡትን ገንዘብ ከፍለዋል። የመኪናው በሽታ ግን እንዳለ ነበር። ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋበት መሪው ከብዶት፣ የፍሬኑም እርዳታ ደክሞበት ነፍሱን ያዳነው በእጅ ፍሬን መሆኑን ሲነግረን ሁላችንም ዝም አልን።

እኛ መለዋወጫ ከመቀየራችን በፊት አንድ ነገር አደረግን። አንዳችን ቴስተሩን ይዛ የነዳጅ መክፈቻው ላይ የሚደርሰውን ቮልት ታያለች፤ ሌላዋ ሞተሩ እየሠራ የሽቦውን እስር ከጫፍ ጀምራ በስንዝር በስንዝር በእጇ ትነቀንቃለች። ከጋቢናው ጀርባ፣ እስሩ ከሻንሲው ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ስትደርስ ቁጥሩ ወረደ፣ ሞተሩም ጠፋ። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የነዳጅ መክፈቻው ኤሌክትሪክ ካጣ ነዳጅ ይዘጋል። ፕላስተሩን ስንፈታ ያገኘነው ይህን ነው፤ ከዚህ ቀደም የሆነ ሰው የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ በእጁ ጠምዝዞ ቀጥሎታል። ስለዚህ እስሩ አንድ ስንዝር ያህል አጥሯል። አንዱን ሽቦ ደግሞ ለቤት መብራት በሚዘረጋው፣ አንድ ደረቅ መዳብ ብቻ ባለው ሽቦ ተክቶታል። ከዚያ «እንዳይንቀሳቀስ» ብሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ጋቢናው ለዘይት ቅየራ በተደፋ ቁጥር የጋቢናው ክብደት ያን ያጠረ እስር ይስበዋል። ኮረኮንቹ ያደረገው ነገር ቢኖር የተጀመረውን መጨረስ ብቻ ነው።

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን። ያን ቁራጭ ሙሉ በሙሉ አውጥተን ባለ ብዙ ክር በሆነ፣ ውፍረቱ ከመጀመሪያው ባላነሰ ሽቦ ተካነው። ርዝመቱን የለካነው ጋቢናው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ነው እንጂ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይደለም። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በር ከሆነ ተከፍቶ፣ መሪ ከሆነ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ዞሮ ነው የሚለካው። ሽቦ በሚያርፍበት ጊዜ ሳይሆን በሚጎተትበት ጊዜ ይበቃው እንደሆነ ነው መታየት ያለበት። እናታችን የከፈሉን ዋጋ ለማያስፈልጋቸው ዲናሞ ከከፈሉት ያነሰ ነበር። መኪናዋ እስካሁን እየሠራች ነው።

ስለ መወጠር ይህን ካልን ስለ መጠምዘዝ አንድ ነገር እንጨምር። ሰው መጠምዘዝ ሁልጊዜ መጥፎ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ስለታም እጥፋት ከሚታጠፍ ረዘም ባለ ቁመት ላይ ቀስ ብሎ ቢጠመዘዝ ይመርጣል። ስለዚህ ማጠፊያ ባለበት ቦታ ሁሉ እስሩን ማጠፊያውን አቋርጦ ከማሳለፍ ይልቅ ከማጠፊያው ዘንግ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ይሻላል። በሩ 90 ዲግሪ ሲከፈት ያ መጠምዘዝ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁመት ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 9 ዲግሪ ይሸከማል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ግን 3 ዲግሪ ብቻ ነው። መካከሉ ነፃ ሆኖ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ይታሰራሉ። በዚያ ነፃ ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር አጥብቆ መጠቅለል ደግሞ ሽቦዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተቱ አድርጎ እስሩን እንደ ዱላ ያደርቀዋል። እዚያ ላይ የጨርቅ ፕላስተር አላልቶ ማዞር ወይም ሽንሽኑን የፕላስቲክ ቱቦ ማልበስ ነው። ጥቁሩ ተራ ፕላስተር ለሞተር ሙቀትም አይሆንም፤ ሙጫው ቀልጦ ይዝላል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተፈትቶ ይንጠለጠላል።

አውቆ የተጠመዘዘ ሽቦም አለ። በዘመናዊ መኪኖች ውስጥ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ነው የሚሄዱት። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ይህን የመነጋገሪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1986 ለዓለም አስተዋወቀ። ጉንጉኑ ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ ሁለቱም ሽቦዎች እኩል እንዲቀበሉትና እንዲጣፋ ያደርጋል። እነዚህን ሽቦዎች ፈታቶ፣ ለያይቶ የሚቀጥል ባለሙያ መብራቱ ሳይጠፋ መኪናውን «ያሳብደዋል»፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት እንደ ገና ዛፍ ይበራል። እኛ ስንቀጥላቸው ጉንጉኑን መልሰን እንጎነጉናለን፤ ሹሩባ መሥራት እዚህ ቤት ለማን ይከብዳል?

ስለ ቅጥልም ትንሽ። እዚህ ላይ ከብዙ ጋራዦች ጋር አንስማማም። «ሊድ ካልተበየደ አይጠነክርም» የሚል እምነት ሥር የሰደደ ነው። ሊድ ለሬዲዮ ጥሩ ነው፤ ሬዲዮ ኮረኮንች ላይ አይሄድም። ሽቦ ላይ ሲበየድ ግን የቀለጠው ሊድ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ልባሱ ሥር ይገባል፤ ለስላሳውን ሽቦ ደረቅ ያደርገዋል። ንቅናቄው ሁሉ ሊዱ ያለቀበት ጫፍ ላይ ይሰበሰብና ሽቦው እዚያው ይሰበራል። ስለዚህ በሚንቀሳቀስ ቦታ አጠገብ እኛ የምንጠቀመው ተርሚናልና ትክክለኛ መጭመቂያ ፒንሳ ነው። ጥሩ ተርሚናል ሁለት ጥንድ ክንፍ አለው፤ አንዱ መዳቡን ይጨብጣል፣ ሁለተኛው ልባሱን። ይህ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሥራው ጉተታውን መሸከም ብቻ ነው። ልጅ ያዘለች እናት የልጁን ክብደት አንቀልባው ጀርባዋ ላይ ይሸከምላታል እንጂ በልጁ እጅ አንገቷ ላይ አታንጠለጥለውም። በተራ ፒንሳ ሲጨፈለቅ ግን ይህ ሁለተኛ ክንፍ ወይ ተከፍቶ ይቀራል ወይ ልባሱን ይበሳዋል። ከሶኬቱ አለፍ ብሎ ደግሞ እስሩ በፋሼታ መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ሽቦው በተወዛወዘ ቁጥር ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ያላላቸዋል። ሽቦ ብረት ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ጎሚኒ የግድ ነው፤ ሶማሌ ተራ ከማሮጌ መኪና የወጣም ቢሆን ካልተሰነጠቀ ይሠራል።

በዚሁ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ መሪው ውስጥ ያለውን ጠፍጣፋ ጥቅል ሽቦና በቢጫ ቱቦ የሚሄደውን የኤርባግ መስመር ማንም ሰው ያለ ሥልጠና እንዳይነካ። የእኛም ሕግ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንመለስ። «ለምን ትዘገያላችሁ?» ላላችሁን፤ ፍለጋው ነው የሚያዘገየን። ቴስተርን «ጢጥ» በሚልበት ቦታ አድርጎ ሁለቱን የሽቦ ጫፍ መንካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም «ጢጥ» ትላለች። የተራ ቴስተር የራሱ ገመድ 0.2 ኦም ያህል ተቃውሞ ሊኖረው ይችላልና እኛ የምንፈልገውን 0.1 ኦም አያሳየንም። ስለዚህ ዕቃው እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ ወይም ማራገቢያው እየዞረ፣ በሽቦው በዚህና በዚያ ጫፍ መካከል የሚጠፋውን ቮልት እንለካለን። ለአንድ መስመር ግማሽ ቮልት ከጠፋ እንጠረጥራለን። ይህን ለማድረግ ምንጣፍ ማንሳት፣ የበር ልባስ መፍታት ያስፈልጋል፤ ብዙ ካቻቢቴ፣ ብዙ ትዕግሥት።

ደንበኛ ስለ መሸሹ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ሄዷል። በዚህ ጉዳይ ክፍላችን ውስጥም ክርክር ነበር። ከመካከላችን «ደንበኛው ራሱ ለዛሬ ብቻ ቀጥሉልኝ እያለ እኛ ምን አገባን? ልጆቻችን ዛሬ መብላት አለባቸው» ያሉ ነበሩ። ይህ አነጋገር ተራ አይደለም፤ ባዶ እጁን ወደ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ታክሲ ነጂውም ቢሆን መኪናው ግማሽ ቀን ከቆመ የቀን ገቢው ለባለቤቱ አይሞላለትም። ተነጋግረን የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፤ ሽቦው በማይንቀሳቀስበት፣ በማይግልበትና ብረት በማያቋርጥበት ቦታ ላይ ከሆነ ጊዜያዊ ቅጥል እንሠራለን፣ ደረሰኙም ላይ «ጊዜያዊ» ብለን እንጽፋለን። በር ማጠፊያ፣ የጋቢና ጀርባ፣ የሞተር ዙሪያ ወይም የብረት ቀዳዳ ላይ ግን ጠምዝዞ በፕላስተር መሸፈንን አንሠራም፤ ደንበኛው ቢቆጣም። ተማሪ የሚያመላልስ መኪና ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ቦታ ጊዜያዊ ሥራ የለም። ገቢያችን በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ወር እንደሚቀንስ እያወቅን ነው። ጉባኤው ይህን ውሳኔ ዛሬ በድምፅ እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን፤ ነገ ገቢ ሲቀንስ «ማን ፈቀደላችሁ?» እንዳንባል።

ለደጋፊዎቻችን፤ ስለ መመርመሪያው ኮምፒውተር በጣም እናመሰግናለን። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን መመርመሪያው የሚያነበው የመኪናው ኮምፒውተር የሚያውቀውን ነው፤ ያቺ የጭነት መኪና ብዙ ኮምፒውተር አልነበራትም፣ ቢኖራትም «ከጋቢናው ጀርባ ስንዝር ያህል አጥሯል» ብሎ የሚጽፍ ስክሪን የለም። አሁን የሚያስፈልገን ሦስት ደኅና መጭመቂያ ፒንሳ፣ በየዓይነቱ ተርሚናልና ሶኬት፣ የጨርቅ ፕላስተር፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦና ሽንሽን ቱቦ ነው። ለፎቶ የሚያምር ዕቃ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከዚህ ከፍ ያለ ገንዘብ ካለ ግን ለሥልጠና ይዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ታውቃላችሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መንገዱን እየሞሉት ነው። እነዚህ መኪኖች ሥር የሚሄደው ብርቱካናማ ሽቦ 12 ቮልት አይደለም፤ ከ300 ቮልት የሚበልጥ አለ፣ ይገድላል። ዛሬ ደንበኛ ሲያመጣብን ብርቱካናማውን አንነካም ብለን እንመልሰዋለን። ከመካከላችን ሁለት ሰው በደንብ ቢሠለጥንና የመከላከያ ጓንት ቢኖረን ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ክፍላችን ሥራ ይኖረዋል።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ በየቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስሞሉት ንገሯቸው። በቤት ሶኬት መሙላት ወደ 10 አምፔር በአንድ ሌሊት ለሰዓታት ያሳልፋል። ገመዱ ተጠቅልሎ እንዳለ አይሞላ፤ ጥቅሉ ሙቀቱን ይይዛል፤ ተዘርግቶ ይሁን። በበር ወይም በመስኮት ሥር አይቆንጠጥ። ክብደቱ ሶኬቱ ላይ አይንጠልጠል፤ ሳጥኑ በሚስማር ወይም በመደርደሪያ ይያዝ። ሲነቀልም የሚያዘው ራሱ መሰኪያው ነው፤ ገመዱን ይዞ መጎተት ያው የተናገርነውን ጉዳት ያመጣል። ሲሰበሰብ ሰፋ ባለ ክብ ይጠቅለል እንጂ ክንድ ላይ እየተጠመዘዘ አይደለም።

ባጃጅ ያላችሁ ወይም በባጃጅ የምትሠሩ አባላት ቅዳሜ ጠዋት መሪያችሁን እያዞርን የአንገቱን ሽቦ በነፃ እናይላችኋለን፤ ለአንዱ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከዚያች የጭነት መኪና ያወጣነውን ቁራጭና አንድ ደኅና ሽቦ ይዘን መጥተናል። ልባሱን ገልጠን ከጎን ከጎን አስቀምጠናቸዋል፤ ቴስተሩም አለ። ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኑና በእጃችሁ ዳስሷቸው። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።